የጂዲቢ ማሳያዬ አዲሶቹን ሜተዶች ያልተጠቀመበት ምክንያት

እጅግ ብዙ አባላት ያሉትን ዝርዝር በጂዲቢ (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ) አማካይነት ከኮድ መጻፊያ ኤዲተሬ ስከፍት፣ በፓይዘን የጻፍኩት ማሳያ፣ ማለትም ጂዲቢ የዳታን ይዘት ለሰው በሚነበብ መልክ እንዲያሳይ የሚረዳው ኮድ፣ ሁሉንም አባላት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚያወጣ ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ብዛቱን ብቻ የሚመልሰውን «ነም ቺልድረን» እና በተራ ቁጥር አንድ አባል የሚያመጣውን «ቻይልድ» የተባሉትን ሁለት ሜተዶች (ጂዲቢ የሚጠራቸውን የኮድ ተግባራት) ጨመርኩ፤ ይሁን እንጂ «ቻይልድ» ውስጥ ያስገባሁት፣ ወደ ሎግ ፋይል የሚጽፍ መስመር አንድም ጊዜ አልሠራም።

ምክንያቱ ክላሴ (ማሳያዬ የተጻፈበት የኮድ ክፍል) «ቫልዩ ፕሪንተር» ከተባለው የጂዲቢ ክላስ አለመውረሱ ነበር። ይህ ክላስ፣ ማሳያው አዲሶቹን ሜተዶች እንደሚጠቀም ለጂዲቢ የሚነግር ምልክት ብቻ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ጂዲቢ 14 የተጨመረውም፣ ቀደም ብለው የተጻፉ ማሳያዎች በአጋጣሚ «ቻይልድ» የሚባል የራሳቸው መስክ (ዳታ የሚያስቀምጡበት ስም) ቢኖራቸው ጂዲቢ እንደ ሜተድ ቆጥሮ እንዳይጠራው ነው። የሌሎችን የቆየ ኮድ ሳይሰብሩ በር መክፈት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ክላሱን አስወረስኩ፤ ወደፊት ከሚጨመሩ ሜተዶች ጋር እንዳይጋጩም የውስጥ መስኮቼን ስሞች ሁሉ በአንደርስኮር አስጀመርኩ። አሁን ዝርዝሩ ኤዲተሩ የጠየቃቸውን አባላት ብቻ እያመጣ ወዲያውኑ ይከፈታል።