የድሮ ሆርን ስፒከር ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ቤቴ መጣ። ገና በሩ ላይ ሆኖ "ጋሼ፣ ሆርኑ ቦክሱን አስከነዳው!" አለኝ። ፊቱ በደስታ በርቷል። ከአንድ የድሮ አዳራሽ ወጥቶ በሦስተኛ እጅ የደረሰውን ሆርን ስፒከር፣ ማለትም ድምፁን እንደ ጡሩምባ በሚሰፋ አፍ የሚልከውን፣ እቤቱ ካለው ተራ ባለ ሳጥን ቦክስ ስፒከር ጋር ሲያወዳድር ነው ያደረው።

"ድምፁን እኩል አድርገህ ነው የሰማኸው?" አልኩት።

"አዎ ጋሼ፣ ሁለቱንም 4 ቁጥር ላይ አድርጌ።"

ይህችን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጥራትም። ልጁን ቁጭ በል አልኩትና ቡና አዘዝኩለት። ለእሱ የነገርኩትን ነው አሁን ለእናንተም የምጽፈው።

የቮልዩም ቁልፉን እኩል አድርጎ ድምፁ እኩል ነው ማለት

ከሁሉም ስህተት የሚብሰው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ አስተካክላችሁ ይህን ከሳታችሁ፣ ያወዳደራችሁት ነገር የለም።

በስፒከሩ መመሪያ ላይ የድምፅ መጠን በሚለካበት በዴሲቤል የተጻፈ ቁጥር አለ። ስፒከሩ 1 ዋት ሲያገኝ 1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይናገራል። ክሊፕሽሆርን የሚባለው የማዕዘን ሆርን 104 ገደማ ነው። ቢቢሲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለስርጭት መኪናዎቹ የተጠቀመባት ኤልኤስ 3/5ኤ የምትባል ትንሽ ቦክስ 83 ገደማ ናት። ልዩነቱ 21 ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ዴሲቤል በ10 ሲጨምር የሚጠይቀው ዋት 10 እጥፍ ነው። በ20 ሲጨምር 100 እጥፍ ይሆናል። ሆርኑ በ1 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት ያቺ ቦክስ ከ100 ዋት በላይ ትፈልጋለች። ያን ሁሉ ብትሰጧት ደግሞ ውስጧ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ኮይሏ፣ አይተርፍም።

እንግዲህ ሁለቱን 4 ቁጥር ላይ ስታደርጓቸው አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያንሾካሹካል። ችግሩ ጆሯችን "ጮኸ" ብሎ አለመናገሩ ነው። የጮኸውን "ጠራ"፣ "ሞላ"፣ "ቀረበ" ብሎ ነው የሚያስረዳን። ብልጫው 1 ዴሲቤል ብቻ ቢሆን እንኳ ያታልላል። ሰው "ብዙነሽ በቀለ ሳሎኔ የገባች መሰለኝ" ሲለኝ አምነዋለሁ። ስሜቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያስገባት ሆርኑ ይሁን ቮልዩሙ ገና አልታወቀም።

እንዲህ አድርጉ። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ እንደ ፏፏቴ ሹሹ የሚለውን ድምፅ ከኢንተርኔት አውርዱ። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይነግራችሁ ይችላል፤ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ስልኩን ጆሯችሁ በሚሆንበት ቦታ አስቀምጡትና አታንቀሳቅሱት። አንደኛውን ስፒከር አጫውታችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ሁለተኛውን እዚያው ቁጥር ላይ አድርሱት። በዘፈን አትለኩ፤ ቁጥሩ ስለሚዘል አይያዝላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆርን ግዙፍ ነው፣ ዓይንን ይማርካል። ሁለቱንም ስፒከሮች በስስ ነጠላ ሸፍኗቸውና እህታችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ ይቀያይርላችሁ። ስስ ነጠላው ድምፅን ብዙም አያግድም። ሁለቱም ላይ እኩል እስካለ ድረስ ፍርዱን አያዛባም።

ልጁ ማክሰኞ ተመልሶ መጣ። ሆርኑን አሁንም ወዶታል። ግን ለድምፃዊና ለሳክስፎን ነው የወደደው፤ ቤዝ ጊታሩን ቦክሱ ይሻለዋል አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ስሰማ ደስ ይለኛል።

የታመመውን ከጤነኛው ጋር ማወዳደር

የ50 ዓመት ስፒከር ከ50 ዓመት በፊት የነበረውን ድምፅ ይዞ አይቆይም። ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ይደርቃል። የሆርኑ ዲያፍራም፣ የሚርገበገበው ስስ ሽፋን፣ ይሰነጠቃል። ይህ ለቦክስም ይሠራል። የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦክሶች ዎፈር፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክፍል፣ ዙሪያው ላይ ያለው የስፖንጅ ጠርዝ በእጅ ሲነኩት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ሁለቱንም ሳታሳክሙ አታወዳድሩ።

የራሴን ልናገር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ጥንድ ሆርን ስፒከር ነበረኝ። ዘፋኙ ሁልጊዜ ከባንዱ ኋላ የቆመ ይመስላል። አንድ ዓመት ሙሉ "ሆርን ለዘፈን አይሆንም" እያልኩ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ሊገዙ የመጡ ሰዎችን መልሻለሁ። አንድ ቀን ስፈታው የአንደኛው ሆርን ሁለት ሽቦዎች ተገለባብጠው አገኘኋቸው። የገጠምኳቸው እኔው ነኝ። ዎፈሩ ወደ ፊት ሲገፋ ሆርኑ ወደ ኋላ ይስብ ነበር። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያ ቦታ በብዙ ትልልቅ ሆርኖች ላይ ከ500 እስከ 800 ኸርዝ ነው። የሰው ድምፅ መሃል ማለት ነው። ስላሳሳትኳቸው ሰዎች እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የሆርኑን ሽቦ ገልብጣችሁ በሁለቱም መንገድ ስሙ። ድምፃዊው ሞልቶ የሚመጣበትን ያዙ። ዎፈሩን በ1.5 ቮልት ባትሪ መፈተሽ ይቻላል፤ ፖዘቲቩ ቀዩ ላይ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ጄቢኤል የሚባለው ፋብሪካ የድሮ ዎፈሮች ግን በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራቸው፣ ተበላሽተው አይደለም። ባትሪውን ሆርኑ ላይ እንዳትሞክሩት። ዲያፍራሙ ስስ ነው።

የሸክላ ማጫወቻውን ጥፋት በስፒከሩ ማላከክ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉኝ። ልጃቸው ከአሜሪካ የድሮ ሸክላ ማጫወቻ አመጣችላቸው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ገዙለት። ከዚያ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ይሄ ሆርን የጥላሁንን ድምፅ አወፈረብኝ። በቦክሱ እንዲህ አልነበረም።" በቦክሱ የሚሰሙት ዘፈኑን ከስልክ እያጫወቱ እንደነበር የገባኝ እቤታቸው ስደርስ ነው።

ትራንስፎርመር ቮልቴጅ ያወርዳል እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50 ነው። የብዙ ድሮ ማጫወቻዎች ሞተር የሚዞረው ያንን ኸርዝ ተከትሎ ነው። ስለዚህ 33 ዙር ከሲሶ መዞር የነበረበት ሸክላ በደቂቃ 28 እንኳ አይሞላም። ድምፁ በሦስት ሰሚቶን፣ በፒያኖ ሦስት ቁልፍ ያህል፣ ይወርዳል። ጥላሁንን ያወፈረው ሞተሩ ነበር። ለአንዳንድ ማጫወቻዎች የ50 ኸርዝ ፑሊ፣ ሞተሩ ላይ የሚገጠም መዘውር፣ ይገኛል። የእሳቸውን ግን በቶርኖ አስቀርጬ ነው የሠራሁት።

ሁለቱንም በአንድ አምፕ መፈተሽ

ፍትሃዊ ይመስላል። ግን ሆርን የተወለደው ዋት ውድ በነበረበት ዘመን ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ፊልም መናገር ሲጀምር አምፕሊፋየሮቹ ጥቂት ዋት ብቻ ነበራቸው። በዚያች ጉልበት ሙሉ አዳራሽ ማዳረስ የሚችለው ሆርን ነበር። ትንሽ ቦክስ የተስፋፋው በኋላ ነው። አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በ1954 እ.ኤ.አ. ዝግ ቦክሱን ሲያወጣ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ቤዝ እንደሚያወጣ አሳየ፤ ዋጋው ግን ተጨማሪ ዋት ነበር። ትራንዚስተር መጥቶ ዋት ሲረክስ ቦክስ አሸነፈ።

እናም 8 ዋት ያለው የቱዩብ አምፕ ለሆርን ይተርፋል፤ ቦክሱን ግን ያንቀዋል። 200 ዋት ያለው ትራንዚስተር ቦክሱን ያነቃዋል፤ ሆርኑ ላይ ግን ሸሸሸ የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ በቦክሱም ውስጥ ነበረ። ሆርኑ በ20 ዴሲቤል አጉልቶ አሰማችሁ እንጂ አልፈጠረውም። እምም የሚል ካለ ደግሞ የቤታችሁን ኧርዝ አስፈትሹ። በመሃል ከተማ ስንት አሮጌ ቤት ገብቼ ኧርዝ የሚባል ነገር አጥቻለሁ።

ለእያንዳንዱ ስፒከር የሚስማማውን አምፕ ስጡት። የምታወዳድሩት የስፒከርና የአምፕ ጥንዶቹን ነው።

ክፍሉን ሳይለኩ መግዛት

አልቴክ ኤ7 የሚባለው የሲኒማ ስፒከር ሆርኑ ከላይ ሲቀመጥ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ40 ይጠጋል። ወርዱ 76 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ ጥንዱን ለአራት ሆነን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው። ሶፋው ከስፒከሩ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ነበር። በዚያ ርቀት ዎፈሩ ከታች፣ ሆርኑ ከላይ ለየብቻቸው ይሰማሉ። እንዲዋሃዱ ቢያንስ 3 ሜትር ያስፈልጋል። ባለቤቱ "አይረባም" ብሎ በሳምንቱ ሸጠው። ክፍሉ ነበር ያልበቃው።

ክሊፕሽሆርን ደግሞ ማዕዘን ይፈልጋል። ፖል ክሊፕሽ የሠራው የክፍሉ ሁለት ግድግዳዎች የሆርኑ አፍ ሆነው እንዲቀጥሉለት አድርጎ ነው። ለስቴሪዮ ፊት ለፊታችሁ ሁለት ባዶ ማዕዘን ያስፈልጋል። የኛ ሳሎን አንዱ ማዕዘን ሁልጊዜ በር ነው።

ሆርን ለኮንዶሚኒየም ፈጽሞ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ኮንክሪት የሆነ ቤት ያስተጋባል። ሆርን ድምፁን ወደ ፊት ሰብስቦ ስለሚልክ የጎን ግድግዳዎችን ብዙም አይመታም። ርቀቱ ካላችሁ በእንዲህ ያለ ቤት የዘፈኑን ግጥም ከቦክስ ይልቅ አጥርቶ ሊያሰማችሁ ይችላል። የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው የድሮ ቤት ካላችሁ ደግሞ ለሁለቱም ዓይነት የታደላችሁ ናችሁ። እኔ የሰማሁት ምርጥ የመሲንቆ ድምፅ በእንደዚህ ዓይነት ቤት ነው።

"ሆርን ማለት ሞንታርቦ ነው" ማለት

አይደለም። ሞንታርቦ የጣሊያን ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ጋ የትልቅ ስፒከር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው ጡሩምባ መሳዩ ደግሞ ለንግግር የተሠራ ነው፤ ቤዝ የለውም፣ እንዲኖረውም አልታሰበም። በእሱ የቤት ሆርንን አትፍረዱ።

ከሆርን የማይችለውን ቤዝ መጠበቅ

50 ኸርዝ የሆነ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። እውነተኛ የቤዝ ሆርን አፉ ዙሪያውን ሲለካ ያን ያህል መሆን አለበት። ሳሎን ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የቤት ሆርኖች ወይ ይታጠፋሉ፣ ወይ ታች ላይ ሆርን መሆናቸውን ትተው እንደ ቦክስ ይሠራሉ። ከበሮው ደረት የሚመታ ይሆናል፤ በጣም ጥልቁ ግን ይጎድላል። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ። ቆማችሁ እያወራችሁ አትስሙ፤ የሆርን ጥራት በአፉ ትይዩ ነው። ስሙን አይታችሁ አትግዙ፤ ሳጥኑ ኦሪጅናል ሆኖ ውስጡ የተቀየረ በየጊዜው ይመጣልኛል። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አታወዳድሩ፤ ዝናቡ ይለፍ።

በማያውቁት ድምፅ መፈተን

በሁዳዴ ጾም አንድ ሰው ሆርኑን ተሸክሞ መጣ። "ጋሼ፣ ይነዝራል። በድሮው ቦክሴ ያልነበረ ነገር ነው። ኮይሉ ሳይነካካ አልቀረም" አለኝ። ፈታሁት። ዲያፍራሙ ንጹህ ነው። በሚታወቅ ድምፅ ሞከርኩት፤ ምንም የለም። መልሼ ፈታሁት፣ አሁንም ምንም የለም። ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ "ለመሆኑ ምን ስትሰማ ነው የነዘረው?" አልኩት።

"በገና።"

የበገና አውታር ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች። ያንን ንዝረት የምታመጣው እሷ ናት። ያለ እሷ በገና በገና አይሆንም። የድሮ ቦክሱ ትዊተር፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ ደክሞ ስለነበር ንዝረቱን ውጦ አስቀርቶበት ኖሯል።

ሆርኑን መልሼ ገጠምኩለት። ሱቁን ዘግተን ያንኑ በገና እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን።