ከኦፕራሲዮን በኋላ በምጥ ለመውለድ ስታስቢ ልታስወግጃቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ጎንደር ነው። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው፤ ተገልብጦ በመቀመጫው መጥቶ። ሁለተኛዋን አምጬ ወለድኩ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አንዱን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

"አንዴ ከተቀደድሽ አበቃ" የሚለውን ማመን

አባባሉ ሽማግሌ ነው። ኤድዊን ክሬጊን የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም በ1916 እ.ኤ.አ. "አንዴ በቀዶ ጥገና፣ ሁሌም በቀዶ ጥገና" ብሎ ጻፈ። ያኔ ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ወደ ታች ነበር፤ ምጥ ሲመጣ በኃይል የሚኮማተረው ክፍል ላይ። ዛሬ አብዛኛው ኦፕራሲዮን በታችኛው ስስ ክፍል ላይ፣ አግድም ነው የሚሠራው። እንዲህ ያለ አንድ ጠባሳ ያላት እናት ስታምጥ ማህፀኗ የመተርተር ዕድሉ ከ200 አንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ ሊልም ይችላል። ቁልቁል የተቀደደ ማህፀን ግን ከመቶ ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። ለእሷ ምጥ አይሞከርም። ማህፀኗ ከዚህ በፊት ተተርትሮ ለሚያውቅም እንደዚሁ።

የሆድ ጠባሳ አይቶ መፍረድ

ክትትል ክፍል ስንት እናት ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ "ይኸው፣ አግድም ነው" ብላኛለች። የምታሳየኝ ቆዳዋን ነው። ማህፀኗን አይደለም። ቆዳው አግድም ሆኖ ውስጡ ቁልቁል የተቀደደ ይኖራል፤ በተለይ ልጁ ከጊዜው በጣም ቀድሞ ከተወለደ ወይም ሆድ ውስጥ ተጋድሞ ከነበረ። የተገላቢጦሹም አለ።

እውነቱ ያለው ወረቀት ላይ ነው። ከሆስፒታል ስትወጪ የሰጡሽ ወረቀት ላይ፣ ካልሆነም በኦፕራሲዮኑ መዝገብ ላይ። ማህፀኑ በየት በኩል እንደተከፈተ፣ ለምን እንደተከፈተ፣ ቀደዳው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ተስፋፍቶ እንደሆነ፣ ልጁ ስንት ኪሎ እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው።

የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ናት። ሰውን ሁሉ "ወረቀትሽን ያዢ" የምል ሴትዮ፣ የራሴን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ለልጄ የ40 ቀን ክርስትና ቤት ሲጸዳ እናቴ አገኘችው። ደህና ወፍራም ወረቀት ነው ብላ ጥቁር አዝሙድ ቋጥራበት ለጎረቤት ሰጠች! ሁለተኛዋን ሳረግዝ የካርድ ቁጥሬን ይዤ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ስዞር ሦስት ቀን ፈጀሁ። እኔ እዚያው የምሠራ ሰው ሆኜ ነው ሦስት ቀን። ከገጠር የመጣች እናት ምን ይውጣት? አሁን ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፤ ወረቀቱን በስልክ አንሺው፣ ለባልሽም ለእህትሽም በቴሌግራም ላኪው። ዋናውን ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አብረሽ አስቀምጪው፤ የክትባት ካርድ ማንም አይጥልም።

ምጡ እስኪገፋ ቤት መቆየት

"ገና ነው፣ ወገብሽ ይቁረጥ፣ ያኔ ትሄጃለሽ" የሚሉ ጎረቤቶች አሉን። ክፋት የላቸውም፤ ራሳቸው እንዲያ ነው የወለዱት። ማህፀንሽ ላይ ጠባሳ ካለ ግን ይህ ምክር ላንቺ አልተነገረም። ምጥ ጀመረ ስትዪ ተነሺ። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ደግሞ ምጡን አትጠብቂ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማህፀን መተርተር ከጀመረ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል፣ የማደንዘዣ ባለሙያ እና ደም በአንድ ግቢ መኖር አለባቸው። ጤና ጣቢያ ጎበዝ አዋላጅ አለ፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ግን አብዛኛው የለውም። የጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ ለብዙ ሴት ትልቅ ነገር ነው፤ ላንቺ ግን ማቆያው ያለበት ቦታ ይወስናል። ማረፍ ያለብሽ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ሆስፒታል አጠገብ ነው። ከጎርጎራ ወይም ከትክል ድንጋይ በኩል የምትመጪ ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ከመድፈንሽ በፊት ማራኪ ወይም ቀበሌ 18 ያለች ዘመድሽ ጋ ግቢ። አዘዞ ላይ ያለሽም "ቅርብ ነኝ" ብለሽ አትዘናጊ፤ ሌሊት በ8 ሰዓት ባጃጅ ፈልጊና ታይዋለሽ።

ሆስፒታል ገብተሽ ስታምጪ የልጁን የልብ ምት ቶሎ ቶሎ እንከታተላለን፤ መሣሪያው ካለ ሳናቋርጥ። ስለምንጨቀጭቅ አይደለም። ችግር ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው የልጁ ልብ ነው። ቀጥሎ፣ ምጡ ለቀቅ ሲያደርግ የማይለቅ ሕመም፣ ጠባሳው አካባቢ ድንገት የመጣ ቁርጠት፣ ደም፣ ወይም ደህና ሲገፋ የነበረ ምጥ በአንዴ ፀጥ ማለት። ከነዚህ አንዱን ካየሽ አትቻዪው፣ ተጣሪ። የጎንደር ሴት ምጥ ላይ ዝም ማለት ትወዳለች፤ ኩራት ነው። እዚህ ላይ ግን ኩራቱ ይቅርብን።

ተልባ ጠጣሁ ብትዪኝ አልቆጣም። ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚቀመጥ ሥር ወይም ከፋርማሲ በሰው እጅ የመጣ ክኒን ግን ሌላ ነገር ነው። ሚዞፕሮስቶል የሚባለው ክኒን ጠባሳ ያለበትን የደረሰ ማህፀን ሊተረትር ይችላል፤ ምጥ እንዲያመጣ ተብሎ ለእንዲህ ያለች እናት አይሰጥም። ሆስፒታል ውስጥ እንኳ ምጥ በግሉኮስ ውስጥ በሚሰጥ መድኃኒት ሲገፋ አደጋው ከፍ ስለሚል በጥንቃቄ ነው የሚሠራው።

የሌላ ሴት ዕድል የኔ ነው ማለት

ከኦፕራሲዮን በኋላ ከሚያምጡት ከመቶ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑት በምጥ ይወልዳሉ። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን አማካይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜም ቢሆን በምጥ ወልዳ የምታውቅ ሴት ዕድሏ ከ85 እስከ 90 ይጠጋል። እንደኔ ልጇ በመቀመጫው መጥቶ የተቀደደችም ጥሩ ዕድል አላት፤ ያ ምክንያት በየእርግዝናው አይደገምማ። ምጡ አልገፋ ብሎ፣ የማህፀን በር ተከፍቶ ልጁ አልወርድ ብሎ የተቀደደች ግን ዕድሏ ዝቅ ይላል። ልጁ ከ4 ኪሎ በላይ ከሆነ ወይም ምጡ በመድኃኒት ከተጀመረም እንዲሁ።

ሞክሮ ሳይሳካ ሲቀር የሚሠራው ኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦለት ከሚሠራው ይከብዳል፤ ደሙም፣ ኢንፌክሽኑም ይበዛል። ስለዚህ "እህቴ ወለደች፣ እኔም" ማለት አይበቃም። ሐኪሙን "ባለፈው ለምንድን ነው የተቀደድኩት?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱን ሳታገኚ ከወንበሩ አትነሺ።

አምጦ መውለድን የሴትነት ማዕረግ ማድረግ

"ሳታምጥ ወለደች" የሚሉ አማቶች አሉ። ገንፎው ሲበላ ግን ማንም "ይሄ የኦፕራሲዮን ነው" ብሎ ቅቤ ሲቀንስ አላየሁም። ይለፈን።

ቶሎ ማርገዝ

ባለፈው ወሊድና በቀጣዩ መካከል ከአንድ ዓመት ተኩል ያነሰ ከሆነ ማህፀን የመተርተሩ ነገር ይጨምራል። ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ከሆስፒታል ከመውጣትሽ በፊት ስለ መከላከያ ጠይቂ። በክንድ የሚቀበረውን ጡት እያጠባሽም መጠቀም ይቻላል።

ይህን ልጅ ብቻ ማሰብ

ይኼ ብዙም አይወራም፤ ሐኪሞቹም ሲቸኩሉ ይዘሉታል። ሁለት ልጅ ይበቃኛል የምትል ሴትና አምስት የምታስብ ሴት ሒሳባቸው አንድ አይደለም። ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር፣ የሚቀጥለው እርግዝና ላይ የእንግዴ ልጁ የድሮው ጠባሳ ላይ ሊያርፍና ሥር ሊሰድ ይችላል። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ከተቀመጠ፣ ሥር የመስደዱ ዕድል አንድ ኦፕራሲዮን ላላት ከመቶ 11 ገደማ ነው፤ ሁለት ላላት 40፣ ሦስት ላላት 61። ይህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ማህፀን ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ልጅ የምታስቢ ከሆነ፣ አሁን አምጦ መውለድ ለነገዎቹም ጥቅም አለው። ስንት ልጅ እንደምታስቢ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ አያሳፍርም።

የእንግዴ ልጁ የት እንዳለም በአልትራሳውንድ ይታይ። በር ላይ ተኝቶ የማህፀን በሩን ከዘጋ የምጥ ነገር ያኔ ያበቃል።

ለአንዱ ብቻ መዘጋጀት

በምጥ ለመውለድ የወሰነች ሴት ለኦፕራሲዮንም ተዘጋጅታ ትምጣ። ደም የሚሰጡ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ስልካቸው ክፍት ሆኖ ይጠብቁ። ትልቁን ልጅ የሚይዝ ሰው ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለአራት ቀን ይነገረው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊርማው። ምጥ ላይ ሐሳብ ተቀይሮ "ኦፕራሲዮን ይሁን" ሲባል ኮሪደር ላይ ሸንጎ ይቀመጣል። አባቷ ከዳባት እስኪመጣ፣ የንስሐ አባቷ እስኪጠየቁ፣ ታላቅ ወንድሟ ስልክ እስኪያነሳ። አዋቂ ሴት በራሷ አካል ላይ የምትፈርመው ራሷ ናት፤ የሸንጎው ደቂቃ ግን የልጁ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም ተረጋግቶ ቡና ሲጠጣ ይለቅ።

ባለፈው አንዲት የስምንት ወር እርጉዝ ከባሏ ጋር ለክትትል መጣች። ወረቀቷ በላስቲክ ተጠቅልሎ በእጇ ነው። ይህን ሁሉ ስነግራቸው ሰውዬው ዝም ብሎ ሰማኝና በመጨረሻ "እሺ፣ ሐሳብ ከተቀየረ ማን ይፈርም?" አለ።

እኔ አፌን ሳልከፍት፣ "እኔው ነኛ" አለችው።