መሰላል በመረሬ፣ በዳገትና በሲሚንቶ ላይ፦ እግሩን ማደላደል

ግንቦት ሲጋመስ በሰሜን ሸዋ መሰላል ያልወጣበት ግቢ ጥቂት ነው። ንፋስ የነቀለው ቆርቆሮ ተመልሶ ይመታል፣ አሸንዳ ይጠረጋል፣ የሳር ክዳን ይጠገናል። መሰላል ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ርዝመቱ ነው፤ «ይደርሳል ወይ?» ይባላል። እግሩ የሚያርፍበትን መሬት ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ግን ብዙ የለም። አደጋው የሚጠነሰሰው ደግሞ እዚያው ነው፦ እግሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አለዚያም አንደኛው ይሰምጥና መሰላሉ በጎን ይሄዳል። 3 ሜትር ትንሽ ትመስላለች እንጂ ወገብ ለመስበርም ሰው ለመግደልም ትበቃለች።

ከዚህ በታች ረጃጅሞቹን ሁለት እንጨቶች ቋሚ፣ በመካከላቸው የተመቱትን አጫጭሮቹን መርገጫ ብለናል።

አራት ለአንድ

መሰላሉ ራሱን ከሚያሳርፍበት ከፍታ አንድ አራተኛውን ያህል እግሩ ከግድግዳው ይራቅ። ማረፊያው 4 ሜትር ላይ ከሆነ እግሩ 1 ሜትር፣ 3 ሜትር ላይ ከሆነ 75 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሜትር ከሌለ በክንድ ለኩት፤ ለአራት ክንድ አንድ ክንድ ነው። ከዚህም የሚቀለው በገመድ ነው፦ ከመሬት እስከ ማረፊያው የደረሰውን ገመድ ሁለት ጊዜ እጠፉት፤ የታጠፈው ርዝመት የእግሩ ርቀት ይሆናል።

ካቆማችሁት በኋላ እንዲህ ፈትሹት። የእግር ጣቶቻችሁን ከቋሚዎቹ ግርጌ አስነክታችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ክንዶቻችሁን በትከሻችሁ ልክ ወደ ፊት ዘርጉ። መዳፋችሁ መርገጫው ላይ ልክ ካረፈ ደህና ነው። ለመድረስ ወደ ፊት መንጠራራት ካስፈለጋችሁ እግሩ በጣም ርቋል፤ ክርናችሁ ከታጠፈ መሰላሉ በጣም ቆሟል፣ ወደ ኋላ ይዟችሁ ሊገለበጥ ይችላል።

እግሩ የራቀ መሰላል የሚያታልለው ከታች ሲረግጡት ንቅንቅ ስለማይል ነው። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን የመሰላሉ ራስ ግድግዳውን የሚገፋበት ኃይል ይጨምራል፤ ግድግዳውም መልሶ ይገፋል፣ ያ ግፊት ታች ወርዶ እግሩን ወደ ውጭ ያንሸራትታል። ሁለተኛው መርገጫ ላይ የታመነ መሰላል ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ ሊከዳ ይችላል። «ሞክሬዋለሁ፣ ጠንካራ ነው» ለማለት ታች መርገጡ ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ጣራ ላይ የምትወጡ ከሆነ ራሱ ከጠርዙ በላይ 1 ሜትር ያህል ይትረፍ፤ ሲሸጋገሩም ሲመለሱም እጅ የሚይዘው እሱን ነው። በዚህ ስሌት ለ3 ሜትር ጠርዝ 4 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ግድም መሰላል ያስፈልጋል። አጭር መሰላልን በርሜል ወይም ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ማስረዘም የለም፤ ረጅም መዋስ ይሻላል።

መረሬ

ከእነዋሪና ከጅሩ ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚገኘው ጥቁር መሬት በዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይላቁጣል፣ ጫማ ከእግር ይነቅላል። በጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሁለቱም ጊዜ መሰላልን ይጥላሉ፤ አጣጣላቸው ግን ይለያያል።

በእርጥቡ ጊዜ ችግሩ መስመጥ ነው። ሰው ከነመሣሪያውና ከነመሰላሉ 100 ኪሎ ቢመዝን ያ ሁሉ ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው ሁለት ቡጢ በሚያክል ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል ቢሰምጡ ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ፤ እኩል ግን አይሰምጡም። የመሰላሉ ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አንደኛው እግር ከሌላው 3 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ፣ 4 ሜትር ላይ ራሱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር በጎን ይሄዳል። ሰውየው ደግሞ ያን ጊዜ ያለው ላይ ነው።

ስለዚህ እግሩን ጣውላ ላይ አሳርፉት። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 30 ስፋት፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ጣውላ ይበቃል። ከላይ ያለውን ጭቃ በአካፋ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ግፈፉና ጠንከር ያለው ላይ ስትደርሱ ደልድሉት፤ ጣውላውን ጭቃው ላይ እንዲሁ ብትጥሉት እሱ ራሱ ከነመሰላሉ ይንሸራተታል። ከመሰላሉ እግር በስተ ውጭ፣ ማለትም ከግድግዳው ራቅ ባለው በኩል፣ ጣውላው ላይ ሞራሌ በ8 ቁጥር ሚስማር ሦስት ቦታ ምቱ፤ እግሩ ተረከዙን የሚያስደግፈው እሱ ላይ ነው። ከዚያ ከጣውላው ጀርባ ሁለት የወይራ ወይም የደረቀ ባሕር ዛፍ ችካል ትከሉ። እያንዳንዱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 40ው መሬት ይግባ፤ አናቱ ወደ ግድግዳው ትንሽ ዘንበል ይበል። ቀጥ ብሎ የተተከለ ችካል በእርጥብ መረሬ ሲገፋ ቶሎ ይንጋደዳል።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው መርገጫ ላይ ወጥታችሁ ሦስት አራት ጊዜ ተጫኑት፤ ጣውላው የሚቀመጥበትን ይቀመጥ። ወርዳችሁ ሚዛኑን እዩ። ውሃ ልክ ካለ መርገጫው ላይ አድርጉት። ከሌለ ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ከድናችሁ ጣውላው ላይ በቁመቱ አጋድሙት፤ ውሃው ወደ አንዱ ጫፍ ከሸሸ ከፍ ያለውን ጫፍ አንሱና ከሥሩ አፈር ቀንሱ። ሥራ መሃል ዝናብ ከመጣ ወርዳችሁ ጠብቁ፤ ካባራ በኋላም ይህንኑ ፈተና ሳትደግሙ አትውጡ።

በበጋው ችግሩ ስንጥቁ ነው። የስንጥቅ ከንፈር ጠንካራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ባዶ ስለሆነ ሲጫኑት ይናዳል። በተለይ የበልግ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል ላዩ ይደፈንና ስንጥቁ ከእይታ ይሰወራል። እግሩ በሚያርፍበት ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በፌሮ ቁራጭ ወይም በዘንግ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ዘንጉ በአንድ ጊዜ ከጠለቀ ቦታ ለውጡ፣ አለዚያ ጣውላውን ስንጥቁን ተሻግሮ እንዲያርፍ አድርጉ።

ዳገት

አንኮበር፣ ጣርማ በር ወይም ደብረ ሲና ቤት የሠራ ሰው ደልዳላ መሬት ከየት ያመጣል? ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ዝቅ ባለው እግር ሥር ድንጋይ መደራረብ ነው። ይህን አታድርጉ። ከፍ ያለውን ቆፍሩ እንጂ ዝቅ ያለውን አትሙሉ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚነካካው በሁለት በሦስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ላይ ያለው ሰው ክንዱን ዘርግቶ ሚስማር በመታ ቁጥር ድንጋዩ ትንሽ ትንሽ ይሽከረከራል፤ ከታች የቆመም ሰው አያየውም።

አቆፋፈሩ ይህ ነው። ሁለቱ እግሮች የሚያርፉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ቀጥ ያለ እንጨት ከላይኛው ምልክት ወደ ታችኛው አቅጣጫ በውሃ ልክ አጋድማችሁ ያዙና ከታችኛው ምልክት እስከ እንጨቱ ያለውን ለኩ። የጉድጓዱ ጥልቀት እሱ ነው። አፉ ከቋሚው ውፍረት በሁለት ጣት ብቻ ይስፋ፤ በጣም ከሰፋ እግሩ ውስጡ ይዋልላል። ወለሉን በመዶሻ ወይም በዶማ ጀርባ ጠቅጥቁት፤ የወጣውን ልል አፈር ውስጡ አትተዉ። ልዩነቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከበለጠ ሌላ ማቆሚያ ፈልጉ፣ ወይም ለሁለቱም እግር የሚበቃ ትንሽ እርከን ቁረጡ። እርከኑ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ግን በየዓመቱ ያገለግላል።

መሬቱ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከፍታው የሚለካው የመሰላሉ እግር ካለበት እንጂ ከግድግዳው ሥር አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ እግሩ ራሱ ቁልቁለት ላይ ስለቆመ ችካሉን መዝለል አይቻልም። ከችካሉም ሌላ ከታችኛው መርገጫ ግራና ቀኝ ገመድ ወስዳችሁ ከቤቱ ምሰሶ ጋር እሰሩ።

ውርጭ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጭ ይጥላል። የበረደው አፈር ጎሕ ሲቀድ የጠነከረ ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ላዩ ቀልጦ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። መርገጫውም እንደዚያው። እስከ 4 ሰዓት ድረስ ጠብቁ፤ ጥላ ላይ ያለው ግድግዳ ከዚያም በላይ ይቆያል። የውርጭ ወራት ሣር ላይ መሰላል ከማቆም ሣሩን በዶማ ገፍፎ አፈሩ ላይ ማቆም ይሻላል።

ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ ችካል አይገባም። የእንጨት መሰላል ከሆነ ለበረባሶ ከሚቆረጠው የመኪና ጎማ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ከግርጌው አልብሱ፤ ሚስማሮቹን በጎን ምቱ፣ የሚስማር አናት ወለሉን ከነካ ያንሸራትታል። አቧራውን ጥረጉ፣ እርጥበቱን አድርቁ። ከእግሩ ሥር ማዳበሪያ ማንጠፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ የማዳበሪያ ክር ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሚንቶ ላይ ይንሸራተታል። የሚበጀው እግሩን ማሰር ነው። አጠገቡ መስኮት ካለ ከመስኮቱ ስፋት የሚረዝም ጠንካራ እንጨት ከውስጥ በኩል አግዳችሁ ገመዱን በእሱ አዙሩና ታችኛው መርገጫ ላይ እሰሩ።

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለው አሸዋማ መሬት ጣውላው ሰፋ ይበል፤ ሌላው እንደ መረሬው ነው።

ላይኛው ጫፍ

የቆርቆሮ ጠርዝ ለመሰላል በጎን መንሸራተቻ ነው፤ አሸንዳ ደግሞ ይታጠፋል። ራሱን በተቻለ መጠን ከሥሩ ወራጅ ባለበት ቦታ አስደግፉና ሁለቱንም ቋሚዎች ከወራጁ ወይም ከማገሩ ጋር እሰሩ። አንዱን ቋሚ ብቻ ማሰር መሰላሉ እንዲዞር ያደርገዋል። እንደ መንዝ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ከሆነ ሣሩ ላይ አታስደግፉት፤ ያሟልጫል። ጫፉ ከክዳኑ ሥር ካለው እንጨት ይገናኝ። ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብም አይታመንም፤ የላይኛው ረድፍ የተቀመጠው በራሱ ክብደት ብቻ ነው።

ላዩን ለማሰር የሚወጣው ሰው የሚወጣው ባልታሰረ መሰላል ነው፤ በጣም አስጊው ሰዓት ይህ ነው። ያን ጊዜ አንድ ጉልማሳ ታች ይቁም፦ አንድ እግሩን ታችኛው መርገጫ ላይ፣ ሁለት እጁን ቋሚዎቹ ላይ አድርጎ፣ ገመዱ ታስሮ እስኪያልቅ እዚያው ይቆይ። ልጅ አይያዝ፤ ክብደቱም አይበቃም፣ መዶሻ ቢወድቅም የሚያገኘው እሱን ነው።

ከምሰሶ ወደ ቆጣሪ የሚመጣውን ሽቦ ከማቆማችሁ በፊት እዩት። መሰላሉ ሲቆምም ሲወርድም ከሽቦ 3 ሜትር ይራቅ። አሉሚኒየም ብቻ አይደለም፤ የረጠበ እንጨትም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

መሰላሉና ወጪው

እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ ቋሚውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦርቡራችሁ መርገጫውን ውስጡ አስቀምጡ፤ ክብደቱን ቦርቡሩ ይሸከም፣ ሚስማሩ እንዳይወጣ ይያዝ፣ ከዚያ በማሰሪያ ሽቦ ይጠፈር። የመርገጫው ውፍረት ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አንዱ ሰፍቶ አንዱ ጠቦ ከሆነ እግር በጨለማ እንደሚረግጥ ይሆናል። ከመውጣታችሁ በፊት መሰላሉን አጋድማችሁ ጫፍና ጫፉን ድንጋይ አስደግፉ፤ እያንዳንዱን መርገጫ ሚስማሩ አጠገብ ርገጡት። የሚንቋቋ ካለ ያኔውኑ ይታሰር።

ጭቃ የያዘ ቦቲ ሥሩን ሳትጠርጉ አትውጡ። ጋቢና ነጠላ ታች ይቅር። ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ምንጊዜም መሰላሉ ላይ ይሁኑ፤ መሣሪያው በባልዲ ተደርጎ በገመድ ይሳብ። እምብርታችሁ ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይውጣ፤ የማትደርሱበት ከሆነ ወርዳችሁ መሰላሉን አንቀሳቅሱ። አንድ ክንድ ባንቀሳቀሳችሁት ቁጥር ጣውላው፣ ችካሉና ሚዛኑ እንደ አዲስ ይታያል።

ስትጨርሱ የላዩን ገመድ ፈትታችሁ የምትወርዱት ያው ሰው ታች ቆሞ መሰላሉን እንደያዘ ነው። ለምሳ ስትሄዱም ቆሞ አይቆያችሁ፤ ልጆች ይወጡበታል። መሰላሉን ከክፈፉ ሥር ሦስት ቦታ ላይ በተመታ ችካል አግድም ስቀሉት፤ ሁለት ብቻ ከሆነ መሃሉ ይጎብጣል። አፈር ላይ ከቆየ ግርጌው ይበሰብሳል፣ ቆላው ላይ ደግሞ ምስጥ ከሥር ይገባል። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበላ እንደሆነ ለማወቅ በየዓመቱ ከግርጌው 20 ሴንቲ ሜትሩን በቢላዋ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ቢላዋው ያለ ጉልበት ከገባ እስከ ጤነኛው ድረስ በመጋዝ ቆርጣችሁ ጎማውን እንደገና አልብሱት።