በጨረር ቀበቶ ውስጥ ቅንጣት የሚቆጥር የጠፈር መሣሪያ እንዴት ይነደፋል?

እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 1 በፊዚክስ ተመራማሪው በጄምስ ቫን አለን ቡድን የተሠራ የጋይገር ቆጣሪ (የጨረር ቅንጣት የሚቆጥር መሣሪያ) ይዛ ነበር። ሳተላይቷ ዝቅ ስትል ቆጣሪው በደንብ ይቆጥራል። ከፍ ስትል ግን ዜሮ ያሳያል። ቡድኑ ተመሳሳዩን ቆጣሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በብርቱ ኤክስሬይ ሲፈትነው ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቅንጣቱ ከመጠን በላይ ሲበዛበት ቆጣሪው ፋታ አጥቶ ዝም ይላል። ባዶ የመሰለው ቦታ ዛሬ የቫን አለን ቀበቶ የምንለው፣ የመሬት መግነጢስ ፈጣን ቅንጣቶችን አፍኖ የያዘበት አካባቢ ነው።

ቅንጣት መያዝ ብዙም አይከብድም። የሚከብደው ብዛቱን መቋቋምና ያልፈለጋችሁትን ማስቀረት ነው። ንድፉን ስትሠሩ ይህን ከልባችሁ ያዙት።

1. ጥያቄውን ለዩ

«ጨረር እንለካለን» ማለት አይበቃም። የትኛውን ቅንጣት? በምን ያህል ኃይል? በየትኛው ምህዋር? እዚህ በመሬት የውጭኛው ቀበቶ ያሉ፣ ከ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ) በላይ ኃይል ያላቸውን ኤሌክትሮኖች እንውሰድ። ሳተላይት ከሚያበላሹት ዋና ዋናዎቹ እነሱ ስለሆኑ ጥያቄው ልፋቱ ይገባዋል።

2. የሲልከን ዲስኮችን ደርድሩ

ቅንጣት በሲልከን ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስለቅቃል፤ የተለቀቀው ኤሌክትሮንና የተወው ባዶ ቦታ አንድ ጥንድ ይባላሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ የሚወጣው 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ፈጣን ኤሌክትሮን 1 ሚሊሜትር ሲልከን ሲሻገር 100,000 ያህል ጥንድ ትቶ ያልፋል። ምልክቱ ደካማ ነው፤ ጥሩ ማጉያ ግን ይይዘዋል።

አንድ ዲስክ ብቻውን አይበቃም፣ ኤሌክትሮኑ በስቶት ይሄዳላ። ስለዚህ ብዙ ዲስክ ከኋላ ከኋላ ይደረደራል። ቅንጣቱ ስንተኛው ዲስክ ድረስ እንደዘለቀ ስታዩ ኃይሉን ትገምታላችሁ። ፕሮቶን ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን 0.7 ሚሊሜትር ገደማ ገብቶ ይቆማል፣ ያለውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። የምልክቱ ትልቅነት ከኤሌክትሮኑ ይለየዋል።

3. የመግቢያውን ስፋት በስሌት ወስኑ

ይህን ደረጃ በግምት የሚያልፍ ሰው በኋላ ይቆጨዋል። የፊተኛውና የኋለኛው ዲስክ እያንዳንዳቸው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ይሁኑ፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲሜትር ይኑር። ሁለቱን ስፋቶች አባዝታችሁ ለርቀቱ ካሬ አካፍሉ፦ 1 ሲካፈል ለ25፣ 0.04 ይመጣል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትርና በአንድ ስቴራዲያን (ቅንጣት የሚመጣበት አቅጣጫ ስፋት መለኪያ) በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቅንጣት ቢመጣ፣ መሣሪያችሁ በሴኮንድ 40,000 ይቆጥራል።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክሱ እንምጣ። አንዱን ቅንጣት ለማስተናገድ 1 ማይክሮ ሴኮንድ ከፈጀበት፣ ከመቶው 4 ያህል ያመልጠዋል። ይህ በስሌት ይታረማል። 100 ማይክሮ ሴኮንድ ከፈጀበት ግን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የ4 ሴኮንድ ሥራ ተጭኖበታል ማለት ነው። አለቀለት። መፍትሔው መግቢያውን ማጥበብ ወይም ፈጣን ኤሌክትሮኒክስ መሥራት ነው። እኔ ሁለቱንም እመርጣለሁ፤ ትልቅ የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ቁጥሩ ከጠበቃችሁት በብዙ እጥፍ ይጨምራልና።

4. በጎን የሚገባውን አግዱ

ቅንጣቶቹ በሠራችሁት በር ብቻ አይገቡም። 1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ኤሌክትሮን 2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ያቆመዋል። ግን ሲቆም ኤክስሬይ ይለቃል፤ የሚያቆመው ብረት በከበደ ቁጥር ኤክስሬዩም ይበዛል። ስለዚህ ቀላሉ አሉሚኒየም በውጭ ይሆናል፣ ከባዱ ቱንግስተን በውስጥ። ውጭኛው ኤሌክትሮኑን ያደክመዋል፣ ውስጠኛው የተረፈውንና ኤክስሬዩን ይውጣል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ክብደቱን ከፍላችሁ ጥቅሙን ታጣላችሁ።

100 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ፕሮቶን ግን 3.7 ሴንቲሜትር ገደማ አሉሚኒየም ይበሳል። ሁሉንም በብረት ልከልክል ካላችሁ ሮኬቱ አይሸከማችሁም። የቀረውን ሥራ ለሎጂክ፣ ማለትም ኤሌክትሮኒክሱ ለሚከተለው የቆጠራ ደንብ ስጡት፦ የፊተኛው ዲስክ ካልተነካ አትቁጠር፣ ሁለተኛው ተዘሎ ሦስተኛው ከተነካም አትቁጠር። በጎን ሾልኮ የገባው አብዛኛው እዚህ ላይ ይያዛል።

ወደ ጁፒተር የምትሄዱ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ጁፒተርን የምታጠናው የናሳ መንኮራኩር ጁኖ ዋና ዋና ኤሌክትሮኒክሷን ግድግዳው 1 ሴንቲሜትር በሚሆን የታይታኒየም ሣጥን ውስጥ ነው የያዘችው።

5. ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት አስመስሉ፣ ከሠራችሁ በኋላ ፈትኑ

ጂያንት4 የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሚሊዮን ቅንጣቶችን በንድፋችሁ ላይ ያዘንባል። ከየአቅጣጫው ተኩሱበት፣ በተለይ ከኋላ። መሣሪያው ተሠርቶ ሲያልቅ ቢስመዝ 207 የተባለውን ጨረር አመንጪ ከፊቱ አስቀምጡ። ይህ ምንጭ 976 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ያላቸው ኤሌክትሮኖች ስለሚለቅ መለኪያችሁን ታስተካክሉበታላችሁ። ለከፍተኛው ኃይል የቅንጣት ማፍጠኛ ያስፈልጋል። ንዝረትና ቫክዩም የተለመዱ ፈተናዎች ናቸው።

6. ጥሬውን ቁጥር ጭምር ላኩ

ሎጂኩ ያጣራውን ብቻ ወደ መሬት አትላኩ። የእያንዳንዱን ዲስክ የብቻ ቆጠራም ላኩ። መሣሪያው ሲጨናነቅ የምታውቁት በዚህ ነው።

7. የማብሪያውን ቀን አቅዱ

የናሳ ቫን አለን ፕሮብስ መንትያ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2012 መጠቁ። ሬፕት የተባለው የኤሌክትሮንና የፕሮቶን መለኪያቸው በቀናት ውስጥ በርቷል። የተቸኮለው ዕድሜዋ እያለቀ ከነበረችው ሳምፔክስ ሳተላይት ጋር ጎን ለጎን እንዲለካ ነው። አዲስ መሣሪያ ከቀድሞው ጋር ካልተነጻጸረ ቁጥሩን ማመን ይቸግራል። ጥድፊያው ሌላም ነገር አስገኘ፦ ከውስጠኛውና ከውጭኛው ቀበቶ ሌላ ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ቀበቶ ታየ። 4 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከፀሐይ የመጣ የግፊት ሞገድ አጠፋው። መሣሪያው ዘግይቶ ቢበራ ኖሮ ያ ቀበቶ ሳይለካ ያልፍ ነበር።