አዴኖሲንን በደም ሥር እንዴት እንሰጣለን?

አዴኖሲን ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሣውንና ኤስ ቪ ቲ የሚባለውን፣ በድንገት ጀምሮ ልብን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ150 በላይ የሚያስመታውን የምት መዛባት ለማስቆም በሆስፒታል የሚሰጥ መርፌ ነው። በላይኛውና በታችኛው የልብ ክፍል መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መተላለፊያ፣ ማለትም ኤቪ ኖድን፣ ለጥቂት ሰከንዶች በመዝጋት ምቱን ያስቆማል። ግማሹ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከደም ስለሚጠፋ፣ ቀስ ተብሎ የተሰጠ አዴኖሲን ልብ ሳይደርስ ያልቃል።

የታካሚው የደም ግፊት ከወረደ ወይም ራሱን ወደ መሳት ከተቃረበ፣ ቀዳሚው ሕክምና ከልብ ምቱ ጋር የተናበበ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። የተረጋጋ ከሆነ ግን በመጀመሪያ በከፊል ተቀምጦ ለ15 ሰከንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ አየር አጥብቆ እንዲነፋ ይደረጋል፤ ወዲያውም በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹ 45 ዲግሪ ያህል ከፍ ተደርገው ለ15 ሰከንድ ይያዛሉ። በእንግሊዝ ድንገተኛ ክፍሎች ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ይህ ዘዴ 43 በመቶ የሚሆኑትን ታካሚዎች ምት ሲመልስ፣ ያለ እግር ማንሣት የተደረገው የተለመደው ዘዴ የመለሰው 17 በመቶውን ብቻ ነው። ወጪ የሌለው ነገር በመሆኑ መዝለሉ አግባብ አይመስለኝም።

ይህ ካልሠራ ባለ 12 ሊድ ኢሲጂውን፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ከ12 አቅጣጫ የሚያሳየውን ወረቀት፣ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ምቱ በወረቀቱ ላይ ሰፊና ወጥነት የሌለው ሆኖ ከተገኘ አዴኖሲን አይሰጥም፤ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ ያለው ልብ ፋይብሪሌሽን (የላይኛው ክፍል ያለ ሥርዓት መርገብገብ) ላይ እያለ ቢሰጠው ለሞት ወደሚያደርስ ምት ሊሸጋገር ይችላል። አስም ያለበት ሰው ደረቱ ሊዘጋ ስለሚችል ሌላ አማራጭ ይፈለግለታል። ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) ወይም ዳይፒሪዳሞል (የደም መርጋት መከላከያ) የሚወስድ ወይም የተተካ ልብ ያለው ሰው በ3 ሚሊ ግራም ይጀምራል። ቡና መጠጣቱንም እንጠይቅ፤ ካፌይን የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያግድ፣ አቦልና ቶናውን ጠጥቶ በቀጥታ የመጣ ሰው ለመጀመሪያው መጠን ምላሽ ላይሰጥ ይችላል።

ካኑላው (በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ቁጥር 18 ወይም 20 ሆኖ በክርን መታጠፊያ ላይ፣ ቢቻል በቀኝ ክንድ፣ ይገባል፤ በእጅ ጀርባ ላይ ያለ ቀጭን መስመር ለዚህ ሥራ አይበቃም። 6 ሚሊ ግራም መድኃኒት በአንድ ሲሪንጅ፣ 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በሌላ ተቀድቶ ሁለቱም በትሪ ዌይ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ፣ ላይ ይገጠማሉ። ዲፊብሪሌተሩ፣ ማለትም ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጠው መሣሪያ፣ ከአልጋው አጠገብ ይሁን፣ የኢሲጂው ወረቀትም መርፌው ሳይጀመር አስቀድሞ መታተም ይጀምር።

አሁን ለታካሚው መንገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ አብልጬ የማሳስበውም ይህንኑ ነው። ብዙ ታካሚዎች ደረታቸው ይጨነቃል፣ ፊታቸው ይግላል፣ አንዳንዶቹም የሞቱ ያህል ይሰማቸዋል። «ለጥቂት ሰከንድ በጣም ይከብድዎታል፣ ወዲያው ያልፋል፣ እኔ እዚሁ አጠገብዎ ነኝ» ብሎ ማስረዳት የዝግጅቱ አካል ነው።

መድኃኒቱ በ1 ወይም 2 ሰከንድ ይገፋል፤ ሳላይኑ ያለ አንዳች መዘግየት ይከተላል፤ ክንዱም ወደ ላይ ይነሣል። ሞኒተሩ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ያለ መስመር ሊያሳይ ይችላል፤ የሚጠበቅ ነው። ምቱ ካልተመለሰ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በኋላ 12 ሚሊ ግራም፣ ካስፈለገም አንድ ጊዜ እንደገና 12 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለሕፃናት መጠኑ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ተብሎ ይጀመራል፣ ከ6 ሚሊ ግራም ግን አያልፍም።

የታተመው ወረቀት አይጣል። መድኃኒቱ ምቱን ባያስቆም እንኳ፣ ለአፍታ ሲያዘገየው ተሸፍኖ የነበረው የኤትሪያል ፍላተር (ሌላ ዓይነት የላይኛው ልብ ፈጣን ምት) ማዕበል ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምርመራው ራሱ ስለሚለወጥ፣ ወረቀቱ የተሰጠው መጠንና ሰዓት ተጽፎበት ከታካሚው ካርድ ጋር ይያያዝ።