ኬሚካል የሚለይ ጨርቅ ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወርቅ፣ የብር ወይም የብረታ ብረት (ሜታል) ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ የተቀባ ጨርቅ አንድን ኬሚካል ሲያገኝ ቀለሙ ወይም የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይለወጣል። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ቅንጣቱን ብቻ አይቶ ጨርቁን ከመርሳት ነው።

የመጀመሪያው ጨርቁን ሳያጠሩ መንከር ነው። ጥሬ ጥጥ ሰም አለው፤ ድሩም በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል። ሁለቱም ቅንጣቱን ከክሩ ያርቁታል። ነጭ ሆኖ የተሸጠ ጨርቅም የራሱ ጣጣ አለው፤ የተጨመረበት ማድመቂያ በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ስለሚያበራ በፍካት የሚለካ ዳሳሽን (ሴንሰርን) ያሳስታል።

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው እርጥበትን መናቅ ነው። ጥጥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ65 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት የደረቅ ክብደቱን ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚያህል ውሃ ከአየር ይስባል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ገደማ ብቻ። ውሃ የጠጣ ክር ያብጣል፣ የቅንጣቶቹ ርቀት ይዛባል፣ ተቃውሞውም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ በደረቅ አየር አሞኒያን አጥርቶ የለየ ጨርቅ፣ የለበሰው ሰው ሲያልበው ጋዝ ሳይኖር «አለ» ሊል ይችላል። የባሰው ደግሞ እርጥበቱ የእውነተኛውን ጋዝ ምልክት ሲሸፍነው ነው፤ ሰውየው አደጋ ውስጥ ሆኖ ደህና ነኝ ብሎ ያምናል። የሙከራውን ጋዝ ከመልቀቃችሁ በፊት ጨርቁን በተለያየ እርጥበት፣ አጥፋችሁም ለጥጣችሁም ለኩት።

ቀለም ተለወጠ ማለት ኬሚካሉ ተገኘ ማለትም አይደለም። ተበታትነው ያሉ ትናንሽ የወርቅ ቅንጣቶች ቀይ ናቸው፤ ሲጠጋጉ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። በሲትሬት (ቅንጣቶቹን ሸፍኖ እንዳይጠጋጉ በሚያራርቅ ውህድ) ብቻ የተጠበቁ ከሆነ የላብ ጨው ብቻውን ያጠጋጋቸዋል፣ ጨርቁ ላይ መድረቃቸውም እንዲሁ።

የቆርቆሮ ኦክሳይድ ጋዝ ዳሳሽን አሠራር ወደ ጥጥ መገልበጥም አያዋጣም። ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ጥጥ ያንን አይችልም። ለአሞኒያ በክፍል ሙቀት የሚሠራው ፖሊአኒሊን፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር፣ ይሻላል።

በመጨረሻ እጥበት። ነክሮ ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙላት (ቻርጅ) ላለው ቅንጣት ጥጡን አስቀድሞ አዎንታዊ ሙላት ማስያዝ ይረዳል፤ ማጣበቂያ ማብዛት ግን ቅንጣቱን ሸፍኖ ጋዙን ይከለክላል። ከታጠበ በኋላ ቅንጣቱ መቅረቱን ብቻ ሳይሆን አሁንም መለየቱን ፈትኑ። ብር ከሆነ እጣቢው ውስጥ ምን ያህል እንደወጣም ለኩ፤ ብር በውሃ ውስጥ ላሉ ፍጥረታት መርዝ ነው።