«መሀል»ን በእንግሊዝኛ በትክክል እንዴት እንደምንል፦ ሚድል፣ ሴንተር፣ ቢትዊን፣ አመንግ

በአማርኛ «መሀል» ብዙ ሥራ ይሠራል። ከተማ መሀል እንላለን፣ ምሳ መሀል እንላለን፣ በሁለት ሰፈር መሀል፣ በሰው መሀል እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሥራ ለተለያዩ ቃላት አከፋፍሎታል። ሐረር ውስጥ አስጎብኚ መሆን ለሚፈልጉ ወጣቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሁሉንም በ«ሚድል» የሚገላገል ተማሪ ሁልጊዜ አለ። አንዳንዴ ያስኬዳል። አንዳንዴ ግን እንግዳው ሌላ ቦታ ሄዶ ይቆማል።

1. መጀመሪያ «ጫፍ አለው ወይስ ዙሪያ?» ብላችሁ ጠይቁ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ሚድል ጫፍና ጫፍ ካለው ነገር ጋር ይስማማል። መንገድ፣ ወረፋ፣ ሌሊት፣ ስብሰባ፣ ወር፣ ሁሉም መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው። «ኢን ዘ ሚድል ኦፍ ዘ ሮድ»፣ «ኢን ዘ ሚድል ኦፍ ዘ ናይት» ይባላል። ለጊዜ ሴንተርን በጭራሽ አትጠቀሙ። «ሴንተር ኦፍ ዘ ናይት» የሚል ሰው አትሰሙም።

ሴንተር የሚፈልገው ዙሪያ ነው። ክብ፣ ከተማ፣ ጠረጴዛ። የሐረርን አሮጌ ከተማ ጀጎልን ግንቡ ዙሪያውን ስለከበበው አደባባዩ ፈረስ መጋላ ላይ ቆማችሁ «ዊ አር ኢን ዘ ሴንተር ኦፍ ጀጎል» ብትሉ እንግዳው ወዲያው ይገባዋል። የግንቡ ጥንታዊ በሮች ደግሞ አምስት ናቸው። ከአምስቱ ሦስተኛውን «ዘ ሚድል ጌት» ማለት ግን አይሆንም። ግንቡ ዞሮ ስለሚገጥም ጫፍ የለውም፤ ጫፍ ከሌለ ሚድል የለም። በሮቹ አንድ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ቢሆን ኖሮ የመሀለኛው «ሚድል» ይባል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አደባባይ፣ ክፍል፣ ሜዳ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነቱ ልኩ ላይ ነው፦ ሚድል «እዚያ መሀል አካባቢ» ሲሆን፣ ሴንተር ከሁሉም አቅጣጫ እኩል የራቀችውን ነጥብ ይጠቁማል። ስለዚህ ስለ አንድ ስፍራ እያወራችሁ ከተጠራጠራችሁ ሚድልን ያዙ። የከተማ መሀል ግን «ሲቲ ሴንተር» ነው።

ሴንተር ሌላም ትርጉም አለው፦ ነገር ሁሉ የሚዞርበት ቦታ። ሐረር ለዘመናት የንግድ ከተማ ስለነበረች «ኤ ሴንተር ኦፍ ትሬድ» እንላታለን። «ሚድል ኦፍ ትሬድ» ትርጉም የለውም። አጻጻፉን በተመለከተ አሜሪካኖቹ በ«ኢ» እና «አር»፣ እንግሊዞቹ በ«አር» እና «ኢ» ይጨርሱታል። አንዱን መርጣችሁ እስከመጨረሻው በዚያው ሂዱ።

2. ቢትዊንና አመንግን መኪና ግርግር ላይ ተለማመዱ

ለዚህ ትምህርት ከመኪና ግርግር የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ገበያው ጊዲር መጋላ የሚወርደው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸው ላይ ጎንበስ ብለው ፔዳሉን ይረግጣሉ፤ ጨርቅ የያዘች ደንበኛ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች።

መንገዱ ራሱ ያለው «ቢትዊን ፈረስ መጋላ አንድ ጊዲር መጋላ» ነው። ሁለቱ ቦታዎች ተለይተው ተጠርተዋል። ከወረዳችሁ በኋላ ከሁለቱም ጫፍ ስትርቁ «ኢን ዘ ሚድል ኦፍ ዘ ስትሪት» ናችሁ። ዘወር ብላችሁ ብታዩ ደግሞ በሰፊዎች ተከባችኋል፤ «አመንግ ዘ ቴለርስ» ማለት ነው። በአንድ ቦታ ቆማችሁ ሦስቱንም ተናገራችሁ።

ብዙ መምህር «ለሁለት ቢትዊን፣ ከሁለት በላይ አመንግ» ብሎ ያስተምራል። ይህ ሕግ ግማሹን ብቻ ስለሚነግር አልወደውም። ነገሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ከተጠሩ ሦስትም አራትም ቢሆኑ ቢትዊን ትክክል ነው። ለምሳሌ ድሬዳዋ ውስጥ በከዚራ፣ በመጋላና በሳቢያን መሀል የሚመላለስ ባጃጅን በቢትዊን ትገልጹታላችሁ። አመንግ ሳይለዩ በጅምላ ለሚታዩ ነው፦ በሕዝብ መሀል፣ በዛፎች መሀል፣ በጓደኞች መሀል።

3. ከቢትዊን በኋላ «ቱ» አታስገቡ

«ከ... እስከ» የሚለው ልማዳችን እዚህ ያሳስተናል። የጅብ ትርኢቱ ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ነው ለማለት «ቢትዊን ሰቨን አንድ ኤይት» በሉ። «ቱ» ካማራችሁ በ«ፍሮም» ጀምሩ። ሰዓቱንም ወደ እነሱ አቆጣጠር መቀየር አትርሱ። የእኛ ሌሊት 6 ሰዓት የእነሱ 12 ነው፤ «ሚድናይት» የሚባለውም እሱ ብቻ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር «ኢን ዘ ሚድል ኦፍ ዘ ናይት» ነው እንጂ ሚድናይት አይደለም።

4. ሃፍዌይ የምትሉት ርቀቱ እኩል ሲሆን ነው

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ያለችው «ቢትዊን አዲስ አበባ አንድ ጅቡቲ» ነው፤ ይህ ልክ ነው። «ሃፍዌይ» ካላችሁ ግን ተሳሳታችሁ፤ ለጅቡቲ ትቀርባለችና። ከድሬዳዋ ሐረር ስትወጡም ሐሮማያ በመሀል አለች፤ እሷም ወደ ሐረር ስለምታደላ ሃፍዌይ አይደለችም። መንገደኛ ነዳጁንና ውሃውን የሚያሰላው በዚህ ቃል ስለሆነ ተጠንቀቁ።

ስለ ደቻቱም አንድ ቃል። ወንዙ ድሬዳዋን ለሁለት ስለሚከፍላት «ስሩ ዘ ሚድል ኦፍ ድሬዳዋ» ያልፋል፤ ከዚራንና መጋላን ስትጠሩ ግን ወደ ቢትዊን ተመለሱ።

5. የቀሩት

የልብስ መጠን ሚዲየም፣ የውጤት አማካይ አቨሬጅ ነው። «ሚድስት» የመጽሐፍ ቃል ነው፤ አንብቡት፣ በንግግር ግን አትድከሙበት። ሥራ ላይ ሳላችሁ ስልክ ከተደወለ «አይም ኢን ዘ ሚድል ኦፍ ሰምሲንግ» በቂ ነው፤ ጨዋም ነው።

የስልክ ተርጓሚ ስትጠቀሙ «መሀል» ብላችሁ ብቻዋን አትጻፉ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ስጡት። የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝርንም ብዙ አላምነውም፤ ቃላቱን ይደረድራል እንጂ ከማን ጋር እንደሚሄዱ አይናገርም። የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ይሻላል።

አስጎብኚ ለሚሆኑ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሚድል ኤጅድ» ጎልማሳ ሰው ነው፣ «ሚድል ኤጅስ» ደግሞ የአውሮፓ መካከለኛው ዘመን። የጀጎል ግንብ ከአሚር ኑር ጋር የሚነሳ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የአውሮፓው መካከለኛ ዘመን ግን አብዛኛውን ጊዜ 1500 አካባቢ አበቃ ይባላል። ስለዚህ ስለ ግንቡ ስታስረዱ «ሚድል ኤጅስ»ን ትታችሁ ክፍለ ዘመኑን በቁጥር ተናገሩ።